የፍትሕ ጠበቃ የሆነ ታሪክ ጸሐፊና ምስክሮቹ፤ የማርክ ኤፕሬክት መጻሕፍት ከካፋ ሲታዩ

በአፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለሚኖራቸው ፍቅርና ግንኙነት የተጻፉ መጻሕፍት በቍጥር እየበዙ ቢሄዱም፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ገልጦ፣ ቀኑንና ስፍራውን አመሳክሮ የጻፈ ታሪክ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ በካናዳ አገር በክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ማርክ ኤፕሬክት ናቸው። «ሁንጎቻኒ» የተባለው መጽሐፋቸው በ2004 ታተመ። አፍሪካ ተቃራኒ ፆታን ብቻ የምታፈቅር ክፍለ ዓለም ናት የሚለው አሳብ ከየት እንደ መጣ የሚመረምረው ሁለተኛው በ2008፣ ስለ ፆታዊ ሕይወትና ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ በአፍሪካ የሚናገረው ደግሞ በ2013 ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ዓመት ሲሆን ዓ.ም. ተጨምሮበታል።)

የኤፕሬክት ዋና ምርመራ የተደረገው በደቡባዊው አፍሪካ ነው። ክርክራቸው ግን መላውን አፍሪካ የሚመለከት ስለ ሆነ፣ እርሳቸው ባልደረሱበት አገር ምስክር ሊፈተን ይገባዋል። ለዚህ ፈተና ካፋ የተመቸ ስፍራ ነው። ካፋ እስከ 1897 ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው አገር ነው። ሕዝቡንም ባህሉንም በሁለት ትላልቅ ጥራዞች የጻፈለት ሰው አለው፤ ይኸውም ሰው ስለ ፆታዊ ሕይወት መጠየቅን ያልፈራ ነበረ። ከዚህም በላይ በቦንጋና በዙሪያው ባለው አገር፣ ከማኅበር ተገልለው የኖሩ የማንጆ ሰዎች ጉዳይ ለተመራማሪዎችም ለአስተዳዳሪዎችም የዘመናት ጥያቄ ሆኖ ቈይቷል። የታሪክ ጽሕፈት ለተገለለ ሰው ምን ሊረባው እንደሚችል ለመመዘን ከዚህ የቀረበ ሚዛን አይገኝም።

አስቀድሞ የደራሲውን ሥራ በሚገባው ክብር መናገር ያስፈልጋል። ኤፕሬክት በመጀመሪያ ስለ ሌሶቶ ሴቶች በ2000 የታተመ መጽሐፍ የጻፉ ሊቅ ናቸው። በዚምባብዌ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ግን ከፍ ያለ ክርክር ገጠማቸው። በ1995 በሐራሬ በተደረገው ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ትርኢት፣ በ1990 የተቋቋመው የዚምባብዌ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ማኅበር ጽሑፎቹን እንዳያቀርብ መንግሥት ከለከለ። ፕሬዚዳንት ሮበርት ሙጋቤም እነዚያን ሰዎች በአደባባይ አዋርደው ተናገሩ፤ ነገሩም ከነጮች የመጣ ባዕድ ልማድ ነው ተባለ። ታሪክ ጸሐፊው ለዚህ የሰጡት መልስ የመፈክር መልስ አልነበረም። ወደ ቤተ መዛግብት ወርደው፣ የቅኝ ግዛቱ ፍርድ ቤቶች ከቆሙበት ጊዜ ጀምሮ የተጻፉትን የክስ መዝገቦች አገላበጡ። ከሳሹም ተከሳሹም ምስክሩም የአገሩ ሰው የሆነባቸውን ጉዳዮች አገኙ። የመጽሐፉ ርእስ የሆነው ቃል ራሱ የሾና ቋንቋ ቃል ነው፤ ስም የወጣለት ነገር ደግሞ ትናንት በመርከብ ደረሰ ለማለት ያስቸግራል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የፍርድ ቤት መዝገብ የሚይዘው የተጣሉትን እንጂ በሰላም የኖሩትን አይደለም። የተገደደው ይከሳል፤ የተስማማው ከዳኛ ፊት የሚቀርብበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ የቆመ ታሪክ የበደልን መልክ ከፍቅር መልክ አብልጦ ማሳየቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ይህ የሰነዱ ጠባይ እንጂ የጸሐፊው ስንፍና አይደለም፤ የተነሣበትን ጥያቄ፣ ማለት «ባዕድ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን፣ ለመመለስ መዝገቡ በቂ ነበረ። በ2008 ደግሞ ይህንኑ ዕውቀት ተራ አንባቢ በሚገባው ቋንቋ አዘጋጅተው በዚያው ማኅበር አማካይነት በሐራሬ እንዲታተም አደረጉ። ለሊቃውንት የተጻፈውን ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው መልሶ መስጠት ብዙ ምሁራን የሚረሱት ግዴታ ነው። በ2016 ያወጡት መጽሐፍ በደቡብ አፍሪካ ስለ አንዲት ከተማ ጥቍር ነዋሪዎች ጤናና አካባቢ የሚናገር መሆኑም የሚሟገቱት ለአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ይበልጥ ሰፊውና ይበልጥም አከራካሪው አሳባቸው በ2008ቱ መጽሐፍ ያለው ነው። ባጭሩ ሲነገር፣ የአፍሪካን ሕዝቦች ባህል የጻፉት አጥኚዎች ያዩትን ሳይጽፉ፣ ሊጠይቁ የሚገባቸውን ሳይጠይቁ በመቅረታቸው ዝምታቸው እየዋለ እያደረ ማስረጃ ሆነ ይላሉ። ከዚያም በኋላ የመጡት ሐኪሞችና የኤድስ በሽታ ተመራማሪዎች ያንን ዝምታ እንደ ተረጋገጠ ነገር ተቀበሉት። ይህ እውነተኛ ትችት ነው። ነገር ግን ዝምታ «አልነበረም» ለማለት ካልረዳ፣ «ነበረ» ለማለትም አይረዳም። በዚህ ስፍራ ነው ካፋ የሚጠቅመው።

ፍሪድሪክ ዩልዩስ ቢበር በ1873 በቪየና ተወልደው በ1924 የሞቱ፣ ዕውቀትን በራሳቸው ጥረት ያገኙ ሰው ነበሩ። ካፋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በ1905 ነው፤ ይኸውም የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር አገሩን ይዞ ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን ከማረከ ከ8 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስለ ካፋ የጻፉት ታላቁ መጽሐፍ በ1920ና በ1923 በሁለት ጥራዝ ታትሟል። የነገሥታቱን ተራ፣ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት፣ ሃይማኖቱን፣ ጎሣውን፣ እርሻውን፣ ቤቱን ሁሉ ለመያዝ የሞከረ መጽሐፍ ስለ ሆነ፣ ዛሬም ስለ ካፋ የሚጽፍ ሰው ሳያነሣው አያልፍም። ይሁንና አንባቢ አንድ ነገር ማስታወስ አለበት፤ መጽሐፉ የተሰበሰበው በጦርነትና በባሪያ ንግድ ከተጎዳ አገር፣ መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ፣ የቀድሞውን ክብር ከሚያስታውሱ ሰዎች አንደበት ነው። የወደቀ ቤተ መንግሥት ሲታወስ ከነበረው ይልቅ የተስተካከለ ሆኖ ይታወሳል።

ታላቁ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ግን ቢበር ሌላ ነገር ጽፈው ነበር። ፍሪድሪክ ክራውስ የተባሉት ሊቅ «አንትሮፖፊቴያ» በሚል ስም ያወጡት የነበረው የዓመት መጽሐፍ በአደባባይ የማይሸጥ፣ ለተመራማሪዎች ብቻ የሚላክ ነበረ። ቢበር ከ1908 ጀምሮ በዚያ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ፆታዊ ሕይወት ጽፈዋል። ስለዚህ ኤፕሬክት የሚከሱት ዓይነት ዝምተኛ አጥኚ አልነበሩም። በዘመኑ ሌላው የሚያፍርበትን ጠይቀዋል፤ የሰሙትንም ጽፈዋል።

አሁን ይህ ምስክርነት በኋለኞቹ እጅ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በ1998 ስቲቨን መሪና ዊል ሮስኮ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስለ አፍሪካ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው ያወጡት መጽሐፍ፣ በዚህ ጥናት ውስጥ ከኤፕሬክት በፊት የቆመ ምሰሶ ነው። በእርሱ ውስጥ ቢበር በምስክርነት ተጠርተዋል፤ የተጠሩት ግን ስለ ካፋ ሳይሆን በሐረር ሰዎች መካከል አየሁ ስላሉት ነገር ነው። የካፋ ሊቅ የሐረር ምስክር ሆኑ። ስሕተት ነው ለማለት አይደለም፤ ቢበር በሐረር በኩል አልፈዋል። ግን አንድ መንገደኛ በአንድ ከተማ ቈይቶ የጻፋቸው ጥቂት መስመሮች፣ ያው ሰው ለዓመታት ከደከመበት ጥናት ጋር እኩል ክብደት ሊሰጣቸው አይገባም። ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ደግሞ መንገደኛነቱ እየተረሳ ሊቅነቱ ብቻ ይቀራል።

የቀሩትም የኢትዮጵያ ምስክሮች እንደዚሁ መለየት አለባቸው። ሳይመን ሜሲንግ በ1957 ስለ አማራ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ፍሬድሪክ ጋምስት በ1969 ስለ ቅማንት ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን የሚያነሡት በሌላ ነገር መካከል አልፈው ሲሄዱ ነው። ዶናልድ ዶናም ስለ ማሌ የጻፉት ግን ከዚህ የተለየ ክብደት አለው። ማሌ ከካፋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በኦሞ አገር የሚኖር ሕዝብ ነው። ዶናም በ1970ዎቹ ከሕዝቡ ጋር ኖረው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ «አሽቲሜ» የሚባሉትን፣ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በጥንት በንጉሡ ግቢ ምን ስፍራ እንደ ነበራቸው ጽፈዋል። ይህ ስም ያለው፣ ሥራ ያለው፣ ከመንግሥት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነገር ነው። አንድ እንዲህ ያለ ጥናት ሃያ የተለቃቀመ ጥቅስ ይመዝናል። ሆኖም ማሌ ማሌ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ስለ ካፋ ወይም ስለ መላው ደቡብ መናገር፣ ኤፕሬክት ራሳቸው በቅኝ ገዢዎቹ ላይ የነቀፉትን አጠቃሎ የመናገር ልማድ በሌላ በኩል መድገም ነው።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ቍጣ ያስነሣው የገድለ ወለተ ጴጥሮስ ጉዳይ ነው። በ1642 ያረፉት የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል በ1672 በገላውዴዎስ ተጻፈ። ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር በ2015 ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው አሳተሙት፤ ቤልቸርም በሚቀጥለው ዓመት ባወጡት ጽሑፍ፣ በገድሉ ውስጥ በመነኮሳዪያት መካከል ያለ የሥጋ ፍቅር ተጠቅሷል አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቃወሙ፤ ዶክተር ይርጋ ገላው ወልደየስም በ2020 ትርጕሙን በብርቱ የሚነቅፍ ሒስ አሳተሙ። የግእዙ ቃል ምን ማለት ነው የሚለው የቋንቋ ሊቃውንት ነገር ስለ ሆነ በዚህ አይፈረድም። የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። በክርክሩ የገቡት ብዙዎች፣ ደጋፊም ተቃዋሚም፣ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ይኸውም በ17ኛው መቶ ዓመት በጣና ዳር ገዳም የሆነው ወይም ያልሆነው ነገር፣ ዛሬ በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው እንዴት ሊታይ እንደሚገባ ይወስናል በሚለው ነው። «ከጥንት ነበረ፤ ስለዚህ ይከበር» ይላል አንዱ። «ከጥንት አልነበረም፤ ስለዚህ ይወገድ» ይላል ሌላው። ኤፕሬክትም ከሙጋቤ ጋር ሲከራከሩ የቆሙት በዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳውን የመረጠው ግን ባላጋራቸው ነበረ።

ይህ ሜዳ ለፍትሕ የማይበጅ መሆኑን ከማንጆ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ማንጆ በካፋና በአጎራባች አገሮች የሚኖሩ፣ በአደን የታወቁ፣ በኋላም ከሰልና ማገዶ ለገበያ በማቅረብ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። የሚናገሩት የካፋን ቋንቋ ነው። ከካፋ ሰው ጋር አይጋቡም ነበር፤ በአንድ ገበታ አይቀርቡም፤ ከቤቱ አይገቡም፤ በመንገድ ሲገናኙ ዳር ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ሰላምታ መስጠት ነበረባቸው። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ይበላሉ የሚል ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በካፋ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ የተናቁ ነበሩ፤ ማንጆ ግን ከእነርሱም በታች ይቈጠሩ ነበር።

ከየት መጡ የሚለው ሊቃውንትን ከፍሏል። ገሚሶቹ ከካፋ ነገሥታት በፊት በጫካው ይኖሩ የነበሩ የጥንት ሰዎች ቅሬታ ናቸው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የሥራ ክፍፍልና የክብር ልዩነት ከአንዱ ማኅበር ውስጥ የፈጠራቸው ናቸው ይላሉ። የመጀመሪያው አባባል እውነት ቢሆን ማንጆ የአገሩ የበኵር ልጆች ናቸው ማለት ነው። በንጉሡም ዘመን የመንግሥቱን በሮች ይጠብቁ እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ ጥንታዊነት መብት የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ በካፋ ምድር ከማንጆ የሚቀድም ባልነበረ። መኖራቸውን የካደ ማንም የለም፤ ባዕድ ናቸው ያለም የለም። ቢበር ጽፈውላቸዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም እነ ቨርነር ላንገ ጽፈውላቸዋል። ይህ ሁሉ ጽሕፈት ግን ለአንድ ማንጆ የአንዲት ጎጆ ደጃፍ አላስከፈተለትም።

በሩን ገፋ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በማንም ጥንተ ታሪክ ላይ ሳይመሠረት መሬት ለአራሹ ሰጠ። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሳዩሪ ዮሺዳ እንደ ጻፉት፣ ብዙ ማንጆ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት የገቡት ከሌላው ሰው ጋር ለመተካከል ተስፋ በማድረግ ነበር፤ ተስፋው ግን እንደ ታሰበው አልተፈጸመም። አቤቱታ ጽፈው ለመንግሥት አቀረቡ። በ2002 ደግሞ ከማንጆ ወገን የሆኑ ሰዎች በካፋ ጎረቤቶቻቸው ላይ አደጋ ጥለው የሰው ሕይወት ጠፋ። ይህ የሚያሳፍርም የሚያሳዝንም ነገር ነው፤ የሚያስመሰግን አንዳች የለበትም። ቢሆንም ስለ ማንጆ የነበረው ዝምታ የተሰበረው በሊቃውንት መጽሐፍ ሳይሆን በራሳቸው በማንጆ፣ በመልካሙም በክፉውም ሥራቸው መሆኑን ታሪክ ጸሐፊ ሳይሸፍን መናገር አለበት። ከዚያ አስቀድሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል በዲና ፍሪማንና በአሉላ ፓንክኸርስት አዘጋጅነት የታተመው፣ በኢትዮጵያ ስለ ተገለሉ ሕዝቦች የሚናገረው መጽሐፍ፣ የገዛኸኝ ጴጥሮስን የማንጆ ጥናት ይዞ ወጥቶ ነበር። የዚህ መጽሐፍ ጥቅም ማንጆ ጥንታውያን መሆናቸውን ማስረዳቱ አይደለም፤ ንቀቱ በየዕለቱ በገበያ፣ በትምህርት ቤት፣ በለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ማሳየቱ ነው። መጸየፍ በሥጋው ምክንያት ነው ከተባለ፣ ሥጋውን የተወው ማንጆ ለምን አሁንም እንደሚጸየፉት ይጠይቃል።

ይህ ዓይነት ጥያቄ ነው ኤፕሬክት ለያዙት ነገር የሚያስፈልገው። ለኢትዮጵያ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚነሣው ስለ ሕጉ ነው። በዚምባብዌ የነበረው ክርክር ቀላል መልክ ነበረው፤ ድርጊቱ አገርኛ፣ የሚቀጣው ሕግ ግን ቅኝ ገዢው ያመጣው ነው የሚል ነው። ይህ ቀመር ወደ ኢትዮጵያ እንዳለ ሊተከል አይችልም። ቤተ ክርስቲያን ድርጊቱን በኃጢአት ስትቈጥር የኖረችው ገዢ አስገድዷት አይደለም። ፍትሐ ነገሥትም ከዐረብኛ የተተረጐመ ቢሆን በኢትዮጵያ ሊቃውንት እጅ ለዘመናት ያደረ መጽሐፍ ነው። በሌላ በኩል በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 600 ይህን ድርጊት የከለከለው፣ ረቂቁ የተዘጋጀው በስዊሳዊው የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ክልከላውን ቀጥሎ በቀላል እስራት ይቀጣል። ካፋን በተመለከተ እንግዲህ ነገሩ ዕጥፍ ድርብ ነው፤ በቦንጋ የሚያስችል ዳኛ ከ1897 በኋላ ከሰሜን የመጣውንም፣ ከስዊስ ብዕር የወጣውንም ሕግ በአንድነት ወርሷል። «አገርኛ» እና «ባዕድ» የሚሉት ሁለት ቃላት በዚህ ስፍራ አንዳች ነገር መለየት ይሳናቸዋል። ከሐራሬ የተነሣ አንባቢ ይህን ሳያስተውል ቢያልፍ አይፈረድበትም፤ ኢትዮጵያዊ ምሁር ግን የኤፕሬክትን ቀመር እንዳለ ቢገለብጥ ይፈረድበታል።

የማንጆና የዚህ ጉዳይ ንጽጽር የሚያቆምበት ድንበርም አለ። ማንጆ በልደት የሚታወቅ ነው፤ አባቱም ልጁም ማንጆ ስለ ሆኑ በአንድነት ተሰብስበው አቤት ለማለት ይችላሉ፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25ም በትውልድ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ በግልጽ ይናገራል። ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅር ሰው ግን ብዙ ጊዜ በገዛ ቤቱ ብቻውን ነው፤ ስሙን ቢናገር በዘመዱ ይጠላል፤ በሕጉም ይያዛል። በ2008 መጨረሻ የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት እንዲጸና መጠየቃቸው ይታወሳል። ስለዚህ ኤፕሬክት በሐራሬ ከማኅበሩ ጋር ሆነው የሠሩት ዓይነት ሥራ በኢትዮጵያ መልኩን ይለውጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጌትነት ታደለ በአዲስ አበባ ከወንድ ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች መካከል ያደረጉትና በ2011 የታተመው ጥናት ለዚህ ምሳሌ ነው። የተነገረው የሰዎቹ ሐሳብ፣ ፍርሃትና ከራሳቸው ጋር ያላቸው ሙግት እንጂ ማንነታቸው አይደለም። በእንዲህ ያለ ነገር ስምን መሰወር የጥናት ጕድለት ሳይሆን የጥናት ሕግ ነው። በጌትነት ጽሑፍ አንድም የጥንት ንጉሥ አልተጠራም፤ ቢሆንም ከብዙ የጥንት ጥቅሶች ይልቅ አንባቢን የሚያስጨንቅ እርሱ ነው።

የኤፕሬክትን መጻሕፍት ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያጋጥመው ችግር የቃል ነው። የወንጀል ሕጉ የሚጠቀምበት «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተወሰደና ፍርዱን በውስጡ የያዘ ነው፤ በእርሱ የተተረጐመ መጽሐፍ ደራሲው ሊመረምሩት የተነሡትን ነገር አስቀድሞ የዘጋ ይሆናል። «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» የሚለው በዚህም ጽሑፍ የተሠራበት ነው፤ ትክክል ቢሆንም የቢሮ ሽታ አለው፤ ማንም እናት ስለ ልጇ ስታወራ እንዲህ አትልም። ሰዎቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ የሚጠቀሙበት ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «ዜጋ» የሚል ነው። ተርጓሚው ይህን ቃል ቢመርጥ አንባቢ መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ በግርጌ ማስታወሻ ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል፤ ቃሉ በሕገ መንግሥቱ ያለውን ትርጕም ግን መለወጥ አያስፈልገውም።